የካሣዬ ሠላሳ አንድ ድንጋዮች

ጉለሌ፣ ከዊንጌት ጀርባ
ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሲና፣

ጥፋተኛው ካሣዬ ነው። ሰላምታው ይቆየንና መጀመሪያ ይኼን እወቂልኝ። ጓዳዬን ሠላሳ ሦስት ዓመት የዘጋውን ድንጋይ ያመጣው ታናሽ ወንድሜ ካሣዬ ነው፤ «ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው፣ እታለም» ብሎ። ሳምንቱ ሳያልቅ እሱ አለቀ። እሱንስ ነፍሱን ይማር፣ ድንጋዩን ግን ማን ይማርልኝ?

አሁን ሰላም ልበልሽ። እንደምን ሰነበትሽ? ከሄድሽበት አገር ብርዱም ሰዉም ይራራልሽ። እኔ ጉልበቴ ዳገቱን እምቢ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ።

ለረይሃና በስልኳ የላክሽላትን መልእክት አነበብኩት። ራሴ ነኝ ያነበብኩት። ረይሃና ማለት ታክሲ መያዣው አጠገብ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ናት፤ የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት አብራኝ ፊደል የቆጠረች። እሷ ያኔ አርባ ስምንት ነበረች፣ እኔ ስድሳ አራት። «የዓምሃ የልጅ ልጅ ነኝ» ብለሻል። ዓምሃ የአክስቴ ልጅ ነው፤ አንቺንም አስታውስሻለሁ። በዘመዳችን በቢኒያም ሠርግ ጫማዬ ላይ ለስላሳ የደፋሽው አንቺ ነሽ። አራት ዓመት አይሞላሽም ነበር፣ ይቅር ብያለሁ። ጫማው ግን አዲስ ነበር።

ድንጋዮቹ አሉ ወይ ላልሽው፣ የት ይሄዳሉ? አምስት ሣጥን ናቸው። እኔ አዲሱ ገበያ የእንጨት ከሰል ሸጬ አስተማርኩት፤ እሱ የድንጋይ ከሰል ተምሮ ቤቴን ሞላልኝ። ትርፌ ይኼ ነው። በዚያው ሳምንት ደግሞ በብየዳ የተደፈኑ አራት ትልልቅ የወተት ዱቄት ቆርቆሮዎችም አምጥቶ «እንዳትከፍቻቸው» አለኝ። ወለሉ እርጥበት ስላለው አልጋዬን አቁሜባቸዋለሁ። ካመጣው ሁሉ የጠቀሙኝ እነሱ ብቻ ናቸው። የጻፈባቸው ደብተሮችም አሉ፣ ሰባት ናቸው። እስካሁን አልከፈትኳቸውም።

የድንጋዮቹን ነገር በጠየቅሽኝ ጊዜ ንዴቴ ስለተቀሰቀሰ የካሣዬን ፎቶ ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ። እንዲህ አደርገዋለሁ። ሲበርድልኝ እመልሰዋለሁ።

እንግዲህ ነይና ውሰጂ፣ ወይም ሰው ላኪ። ከአንቺ ገንዘብ አልፈልግም። የማነቢያ መነፅር ግን ብትልኪልኝ አልጠላም፣ ሦስት ቁጥር።

የሰማዩ ጌታ ይጠብቅሽ።

ኢየሩ

ረይሃና ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች። እንዳታነበው ወረቀቱን አጥፌ ስሰጣት «ታጥፎ እንዴት ፎቶ ይነሣል?» አለችኝ። ስለዚህ አንብባዋለች።

*

አኸን፣ ጀርመን
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እማማ ኢየሩ፣

ጤናዎ እንደ ደብዳቤዎ የበረታ እንዲሆን እመኛለሁ። ጫማዎ ላይ ለደፋሁት ለስላሳ ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላም ቢሆን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እርስዎን እንዴት እንዳገኘሁዎት ልንገርዎት። የዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት ስለ ድንጋይ ከሰልና ስለ ነዳጅ ለሚያጠኑ ሰዎች ያዘጋጀው አንድ ረጅም ዝርዝር አለ፤ የትኛው መጽሐፍ የት እንዳለ፣ የትኛው ናሙና በየትኛው አገር እንደተቀመጠ ይናገራል። ስለ ኢትዮጵያ የሚለው ሦስት መስመር ብቻ ነበር። አንዱ መስመር በሰንበሌጥ ሸለቆ የተቆፈረ ጉድጓድ የሚል አሮጌ ዘገባ ይጠቁማል። ዘገባውን ፈልጌ ሳገኘው በመጨረሻው ገጽ ግርጌ በእጅ እንዲህ ተጽፎበታል፦ «ናሙናዎቹ ካሣዬ ዘንድ፣ ጉለሌ።» ለአያቴ ስልክ ደውዬ «ጉለሌ ያለ፣ ድንጋይ የሚወድ ካሣዬ የሚባል ሰው ያውቃሉ?» ብላቸው አያ ዓምሃ ሳቁ ሳቁና «ዘመድሽ ነው እንጂ!» አሉኝ።

እማማ፣ ያ ጉድጓድ ከተደፈነ ዓመታት አልፈውታል፤ ሸለቆውም አሁን ውሃ ተኝቶበታል። የዚያ ቦታ ከሰል በዓለም ላይ የቀረው እርስዎ ጓዳ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ሥራዬ የድንጋይ ከሰል ከየትኞቹ ዕፅዋት እንደተፈጠረ ማወቅ ነው። ዛፉ ከሞተ ሃያ ሰባት ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል፤ ሙጫውና ሰሙ ግን ድንጋዩ ውስጥ በጥቂቱ አሁንም አለ። ከዚያ በመነሣት ምን ዓይነት ደን እንደነበር እናውቃለን። የዶክትሬት ጥናቴ በሙሉ የቆመው በእነዚያ ድንጋዮች ላይ ነው።

ድንጋዮቹን ከአገር ለማውጣት የሚያስፈልገውን የፈቃድ ወረቀት ጨርሻለሁ። በወሩ መጨረሻ ቤዛብሕ የምትባል ጓደኛዬ ቤተሰቦቿን ልትጠይቅ ትመጣለች፤ መጠቅለያውን ይዛ መጥታ እሷ ራሷ ታሽገዋለች። እርስዎ ምንም አይድከሙ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት፤ በየድንጋዩ ላይ ያለውን ቁጥር ከደብተሮቹ ጋር አስተያይተው ድንጋዩ የወጣበትን ጥልቀት ቢገለብጡልኝ።

መነፅሩ ከቤዛብሕ ጋር ይመጣል። ሦስት ቁጥር።

አክባሪዎ ሲና

*

ጉለሌ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሲና፣

ለዘመድ አሳቢ የሆንሽ ልጅ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። መነፅሩ ደርሶኛል። ዓይኔ ላይ ባደረግሁት ቀን ረይሃና ሱቅ ሄጄ የሸቀጡን ዋጋ በሙሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። «ኢየሩዬ፣ ደንበኛ ታባርሪብኛለሽ!» ብላ ከበሩ ገፋችኝ።

ቤዛብሕ መጥታ ድንጋዮቹን ወስዳለች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ሣጥኖቹን ስትከፍት «እንዴት ያምራሉ!» አለች። አያሳፍሩሽም። «ምንም አይድከሙ» ብለሽኝ ነበር። እንዲህ ማለትሽ ደግ አሳዳጊ እንዳለሽ ያሳያል፤ እኔም ደግ አሳዳጊ ነበረኝና ሦስት ቀን ሙሉ ደከምኩ። የሰው ዕቃ ሲመለስ እንዴት እንደሚመለስ አውቃለሁ። ሠላሳ አንዱንም ቆጥሬ ነው ያስረከብኩ።

ጥልቀታቸውን ከደብተሮቹ ገልብጬ በሌላ ወረቀት ጽፌልሻለሁ። አንድ፣ አሥራ ሁለት ሜትር ከሠላሳ። ሁለት፣ አሥራ አራት ሜትር። እንዲህ እንዲህ እያልኩ እስከ ሠላሳ አንድ። የካሣዬ እጅ ጽሑፍ ዶሮ የጫረችው አፈር ይመስላል። ለዚህ ነው ያን ያህል ከሰል የተሸከምኩ? ደግነቱ ቁጥሩ በስድስቱ ደብተሮች ውስጥ ስላለ ሰባተኛውን መክፈት አላስፈለገኝም። ሰባተኛው ሣጥኖቹን ባመጣበት ዓመት የጻፈው ነው። እሱን ዓመት አልወደውም።

ስትመረምሪው ምን ዛፍ እንደሆነ ጻፊልኝ። ጓዳዬ ውስጥ ደን መኖሩን ሳላውቅ ነው ያረጀሁት።

የድንግል ልጅ ይከተልሽ።

ኢየሩ

*

አኸን
ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እማማ ኢየሩ፣

እንኳን ለገና በዓል በሰላም ያድርስዎ! ይኼን ደብዳቤ የምጽፈው ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ነው።

ድንጋዮቹ ሲደርሱ ቤተ ሙከራው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መጥቶ አየ። እንደዚያ የሚያበራ የድንጋይ ከሰል አይቼ አላውቅም፤ ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ! ከየአንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ፈጨን፣ በሚያሟሟ ፈሳሽ ውስጡ ያለውን አወጣን፣ ከዚያ ለመሣሪያው ሰጠነው። መሣሪያው ያገኘውን ነገር ሁሉ ወረቀት ላይ እንደ ተራራ ተራራ እያደረገ ይሥለዋል፤ ትንሹ ተራራ ትንሽ ነገር፣ ትልቁ ተራራ ብዙ ነገር።

እማማ፣ ማንም ያልጠበቀው አንድ ግዙፍ ተራራ ወጣ። የተክል ዘይት ነው። እንዲህ ያለ ዘይት ቢበዛ በጥቂት ዓመት የሚበላሽ ነው፤ ሃያ ሰባት ሚሊዮን ዓመት ሊቆይ አይችልም። በእኛ ድንጋዮች ውስጥ ግን አለ፤ በሠላሳ አንዱም፣ በእኩል መጠን! ዕቃዎቻችንን ብቻቸውን መረመርናቸው፣ ንጹሕ ናቸው። ፕሮፌሰሬ ተጠራጣሪ ሰው ናቸው፤ ወረቀቱን ረጅም ሰዓት አዩና «ወይ ትልቅ ግኝት ነው፣ ወይ አንድ ሰው ምሳውን በልቶ እጁን አልታጠበም» አሉኝ። እኔ ግን ስለ እርስዎ ቤት ንጽሕና ምዬላቸዋለሁ።

የካቲት 20 ቀን ትልቅ ስብሰባ አለ፤ ከየአገሩ ሦስት መቶ ያህል የዚህ ሙያ ሰዎች ይመጣሉ። ስለ ዘይቱ ቆሜ የምናገረው እኔ ነኝ። የመጨረሻው ጽሑፍ የካቲት 5 ቀን ይላካል።

ለወጉ ያህል አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ድንጋዮቹን በእነዚህ ዓመታት የነካቸው ሰው አለ?

አክባሪዎ ሲና

*

ጉለሌ
ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሲና፣

ሰላም ለኪ። የዘገየሁት ጥምቀት ስለነበረ ነው። ታቦቱ ሲመለስ አብሬ ወጥቼ ጉልበቴ ሦስት ቀን አስተኛኝ።

ድንጋይ ማን ይነካዋል?

እዚህ ብርዱ በርትቷል። የአዲሱ ገበያ መንገድ እየተቆፈረ ስለሆነ ታክሲ በሌላ በኩል ይዞራል። የስብሰባው ሰዎች ሦስት መቶ ናቸው ወይስ ያህል ነው? ሁሉም ያውቃሉ ወይስ ግማሾቹ እንዲያው የመጡ ናቸው?

ደህና ሁኚ።

ኢየሩ

እኔ ረይሃና ነኝ፣ ባለሱቋ። ከሥር የጻፍኩት ሳታየኝ ነው። ይኼ ሦስተኛው ደብዳቤ ነው፤ ሁለቱን ጽፋ ቀደደቻቸው። ምን እንደሆነች አላውቅም፤ የካሣዬን ፎቶ ካዞረችው ሁለት ሳምንት አልፏታል። ትንሽ ታገሻት፣ የኔ ቆንጆ።

*

አኸን
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እማማ ኢየሩ፣

ጉልበትዎን ማርያም ትዳብስልዎ። ደብዳቤዎ አጭር ስለሆነ የጎዳሁዎ ነገር ያለ መስሎኝ ጨነቀኝ። ድንጋዩን ነካችሁ ወይ ብዬ የጠየቅሁት ተጠራጥሬዎት አይደለም።

የጠየቁኝን ልመልስ። ሦስት መቶ ናቸው፤ እንዲያው የመጣ የለም፣ ሁሉም ያውቃሉ። እውነቱን ልንገርዎት? ፈርቻለሁ። ስለዚህ ዘይት ተናግሬ ትክክል ከሆነ ስሜ በአንድ ቀን ይታወቃል። ስሕተት ከሆነም በአንድ ቀን ይታወቃል። እንደ እኔ ያለች ከሩቅ የመጣች ልጅ አንዴ ከተሳሳተች ደግሞ ሁለተኛ የሚሰማት የለም። ያ እንዳይሆን ማንኛውም ነገር፣ ትንሽም ቢሆን፣ ትዝ ቢልዎት እስከ የካቲት 5 ይጻፉልኝ።

ባይኖርም ይጻፉልኝ። ደብዳቤዎን እዚህ ላሉት ጓደኞቼ እየተረጎምኩ አነብላቸዋለሁ፤ የጫማውን ታሪክ ሁሉም ያውቁታል።

አክባሪዎ ሲና

*

ጉለሌ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሲና፣

ሰላምታ ለመስጠት ፊት የለኝም። ዛሬ የምጽፈውን ረይሃና እያየች ነው የምጽፈው፤ እንዳልቀደው ወረቀቱን በአንድ እጇ ይዛዋለች።

ትናንት ሱቋ ተቀምጬ የመጨረሻውን ደብዳቤሽን ሳነብላት እንዲህ አለችኝ።

«ኢየሩዬ፣ ለመሆኑ በጥቅምት የወሰድሽውን ሁለት ሊትር የኑግ ዘይት ምን አደረግሽው? ብቻሽን ነሽ። ያኔ ሳልጠይቅሽ ቀረሁ።»

«ለድንጋዮቹ ነው።»

«ለማን?»

«ለካሣዬ ድንጋዮች። ቀባኋቸው።»

ረይሃና ሚዛኑን ለቀቀችው። «ወላሂ! ድንጋይ ቀባሽ? ታዲያ ይቺ ልጅ ሦስት መቶ ሰው ፊት ቆማ የኔን ሱቅ ዘይት የዓለም ተአምር ነው ልትል ነው? ሃያ ሰባት ሚሊዮን ዓመት! የኔ ዘይት ያን ጊዜ ከመጣ ወር አልሞላውም ነበር!»

እኔ አልሳቅሁም። እሷ ሳቀች፤ ደንበኞቿም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው ሳቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቧራ የለበሰ ነገር ከእኔ ቤት ወጥቶ ፈረንጅ ፊት እንዲቀርብ አልፈለግሁም። አንቺንም ያሰድብሻል ብዬ ነው። የሰው ዕቃ ተወልውሎ ይመለሳል እንጂ እንደተወሰደ አይመለስም። ጥቁር ነገር ደግሞ ያለ ዘይት አያምርም። በነጭ ጨርቅ እያደረግሁ፣ አንዱን ከአንዱ ሳላበላልጥ፣ ሠላሳ አንዱንም ቀባኋቸው። ቁጥር የተጻፈበትን ቦታ ዘልዬዋለሁ። ውሃ አላስነካኋቸውም።

ውሃ ያላስነካሁበትን ልንገርሽ፤ ለማንም ያልነገርኩት ነው። ካሣዬ ሣጥኖቹን ባመጣበት ሳምንት ሁለቱን ድንጋዮች በሳሙና አጥቤለት ነበር። ላስደስተው ብዬ። የተጻፈባቸው ቁጥር ለቀቀ። ሲያይ ጮኸ። «መሃይም!» አለኝ። በእኔ ከሰል የተማረው ልጅ። ጎረቤት ሰምቷል። ቁጥሩን ኋላ ራሱ መልሶ ጻፈባቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንጋይና ውሃ እንደማይስማሙ አወቅሁ። ዘይት ግን ማን ነገረኝ?

ያን ቃል ዳግመኛ ላለመስማት ነው በስድሳ አራት ዓመቴ የልጅ ልጄ በሚሆን አስተማሪ ፊት ደብተር ይዤ የተቀመጥኩት። ታኅሣሥ ላይ ደብዳቤሽን ባነበብኩ ጊዜ ያው ቃል ከወረቀቱ ወጥቶ ሲጠራኝ ሰማሁት። ለዚህ ዋሸሁሽ። ድንጋይ ማን ይነካዋል አልኩሽ። እኔ ነካሁት።

አሁን ሦስት መቶ ሰው ፊት ከምትዋረጂ እኔ በአንድ ሱቅ ደንበኛ ፊት ልዋረድ ብዬ ወሰንኩ። ጽፌያለሁ። ዛሬውኑ ይላክ።

ኢየሩ

*

አኸን
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት እማማ ኢየሩ፣

እግዜር ይስጥልኝ! ሺህ ጊዜ እግዜር ይስጥልኝ። በአንድ ቀን ነው ያተረፉኝ።

ደብዳቤዎን ይዤ ሮጥኩና እዚህ ካለው የሐበሻ ሱቅ አንድ ጠርሙስ የኑግ ዘይት ገዝቼ ለመሣሪያው ሰጠሁት። ያው ተራራ ወጣ! ለፕሮፌሰሬ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ የተጻፈልኝን ተረጎምኩላቸው። መጀመሪያ ሁለቱን ተራራዎች በጣታቸው ለኩ። ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «እኚህን ሴት ቤተ ሙከራ ውስጥ ብንቀጥራቸው ጥሩ ነበር፤ ሠላሳ አንድ ድንጋይ እንዲህ እኩል የሚቀባ ተማሪ የለኝም» አሉ። እኩል መቀባትዎን ሳይንስ መስክሮልዎታል።

መሃይም የሚለውን ቃል እዚህ ማንም አላሰበውም። ጥፋቱ የእኔ ነው። «ምንም አይድከሙ» ብዬ ዘመድ ጋ መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። እናቴም ብትሆን እንዲህ ያላት ሰው ፊት እጇን አታጣጥፍም። «አይንኩት፣ የእጅ ወዝ እንኳ ያበላሸዋል» ብዬ በግልጽ መጻፍ ነበረብኝ።

ስለ ዘይቱ የሚለውን ንግግር ትቼዋለሁ። ሌላውን እውነት ልደብቅዎት አልችልም፤ ድንጋዮቹ ዘይቱ ውስጣቸው ድረስ ገብቶባቸዋል፣ ከእንግዲህ ለሥራዬ አይሆኑም። ጥናቴን በሌላ ነገር ለመቀየር እስከ ሰኔ ጊዜ ተሰጥቶኛል። አይዘኑብኝ።

አንድ የመጨረሻ ልመና ግን አለኝ። ያልከፈቱት ሰባተኛ ደብተር እንዳለ ጽፈውልኝ ነበር። እንደማይወዱት አውቃለሁ። ከቻሉ ያንብቡት፤ አያ ካሣዬ ሌላ ቦታ የሰጡት ናሙና ካለ እዚያ ይገኝ ይሆናል።

የእርስዎው ሲና

*

ጉለሌ
የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሲና፣

እልል በይ! ምሕረቱ የማያልቅበት ጌታ ይመስገን። ረይሃናም በበኩሏ አልሐምዱሊላህ ብላለች።

ሰባተኛውን ደብተር ከፈትኩት። ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ ጽሑፉ ብቻ አይደለም፤ አንድ ገጽ አነብና እዘጋዋለሁ፣ ወጥቼ ረይሃና ላይ እናደዳለሁ፣ እመለሳለሁ። አርባ አንደኛው ገጽ ላይ ስደርስ ብድግ ብዬ አልጋዬን አየሁት።

ቆርቆሮዎቹ! አልጋዬን ያቆምኩባቸው አራቱ የወተት ዱቄት ቆርቆሮዎች! ካሣዬ እያንዳንዱን ድንጋይ ለሁለት ከፍሎ፣ እኩሌታውን እጁን ሳያስነካ በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልሎ፣ እዚያ ውስጥ አሽጎ በብየዳ አስደፍኖታል። ሠላሳ አንዱም አሉ፤ ደብተሩ ላይ ቁጥራቸው ተዘርዝሯል። ከእነዚህ ውስጥ የታጠበ የለም። እኔ ያጠብኳቸውን የሁለቱን እንኳ ያልታጠበ እኩሌታ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ አምጥቶ ነው የጨመረው። ሠላሳ ሦስት ዓመት የተኛሁት በአንቺ ትምህርት ላይ ነው።

ረይሃና አልጋውን በአንድ ወገን አነሣች፣ እኔ እየጎተትኩ አወጣሁ። «ቀስ፣ ወገቤ!» ትላለች። «ቀስ፣ ደኑ!» እላታለሁ። አሁን አልጋዬ ወለል ላይ ነው፤ ለመነሣት ግድግዳ መቧጠጥ አለብኝ።

ቆርቆሮዎቹ በር አጠገብ ናቸው። አልከፈትኳቸውም፣ አላጠብኳቸውም፣ አልወለወልኳቸውም። አቧራቸው እንዳለ ነው። እጄ ግን ይበላኛል፤ በየዕለቱ ጨርቅ አነሣና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ቶሎ ሰው ላኪ፣ ራሴን አላምነውም።

ካሣዬ እዚያ ገጽ ላይ ሌላም የጻፈው አለ። እሱን ዛሬ አልጽፈውም።

ኢየሩ

*

አኸን
ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት እማማ ኢየሩ፣

ሰላምታዬ ዳገቱን ወጥቶ በርዎ ድረስ ይድረስልኝ። ብዙ የዘገየሁት እጄ ውስጥ ያለውን ሳልጨርስ መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው።

ቆርቆሮዎቹን የከፈትናቸው ንጹሕ ክፍል ውስጥ ነው። ሠላሳ አንዱም ደረቅ፣ ሠላሳ አንዱም ንጹሕ። የጥንት ዘይት የለም፤ እውነተኛው ነገር ግን አለ። ያ ሸለቆ ረግረጋማ ደን ነበር። ዘንባባ ነበረበት፣ ሙጫ የሚያነባ ትልልቅ ዛፍ ነበረበት፣ ከሥሩ ደግሞ ውሃ የሚወድ ለምለም ቅጠል። ጓዳዎ ውስጥ ምን ዛፍ እንደነበር ጠይቀውኝ ነበር፤ መልሱ ይኸው። ጥናቴ አልተቀየረም። ፕሮፌሰሬ አንብበው ፈርመውበታል።

ሌላም ዜና አለ። እርስዎን ያገኘሁበት የቤተ መጻሕፍት ዝርዝር ትዝ ይልዎታል? ስለ ኢትዮጵያ ሦስት መስመር የነበረው አሁን አራት ሆኗል። አራተኛው እንዲህ ይላል፦ «የሰንበሌጥ ሸለቆ የመስክ ደብተሮች፣ ሰባት ቅጽ፣ በአማርኛ። ጉለሌ፣ አዲስ አበባ። ጠባቂና አንባቢ፦ ወይዘሮ ኢየሩ።» ካወጣነው አንድ ወር አልሞላውም፤ ከህንድ አንዲት ተመራማሪ ከአሥራ አራተኛው ድንጋይ በላይ ያለው አፈር ምን ቀለም እንደነበረው ጠይቃለች። እኔ ደብተሩ የለኝም። የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።

አያ ካሣዬ ሌላ የጻፉትን ልጠይቅዎ አልፈልግም። ግን ድንጋይ በቆርቆሮ ያስደፈነ ሰው ለምን እንዲህ ተጠነቀቀ እያልኩ አስባለሁ።

ከዚህ ምን ልላክልዎ?

የእርስዎው ሲና

*

ጉለሌ
ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዶክተር ሲና፣

ገና አልተባልሽም አትበዪኝ፣ እኔ ብያለሁ። ዓመቱ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ያላለቀ ነገር ይዤ መሻገር ስለማልወድ እጽፋለሁ። መጪው ዘመን ይባረክልሽ።

መጀመሪያ ለህንዷ ሴት መልስ ስጪልኝ። ሦስተኛው ደብተር፣ ሃያ ሁለተኛ ገጽ፦ «ከአሥራ አራት በላይ፣ ግራጫ ሸክላ፣ አንድ ክንድ፣ ቅጠል የታተመበት።» ቅጠሉን በእርሳስ ሥሎታል፤ ረይሃና ፎቶ አንሥታዋለች። ሴትየዋ ሌላ ጥያቄ ካላት ትጻፍ፣ ቅዳሜና እሑድ ግን አልሠራም በያት። ረይሃና ሱቋ በር ላይ «የድንጋይ ከሰል ጥያቄ እዚህ ይመለሳል» ብላ ልትለጥፍ ስትል ቀደድኩባት። ዘይቷንም «የጥንት ዘይት» እያለች ለደንበኛ ትሸጣለች። ፈረንጅ አገር ድረስ ተመርምሯል ትላለች፤ ውሸት ነው ማለት አልቻልኩም።

ምን ልላክልዎ ላልሽው፣ አራት ጡብ እዚሁ አግኝቼ አልጋዬን አቁሜያለሁ። ምንም አትላኪ። ጡቦቹ ግን እንዳንቺ ድንጋዮች ሚስጥር የላቸውም፣ እንቅልፍ ላይ ይቀላሉ።

አሁን ካሣዬ የጻፈውን ልገልብጥልሽ። አርባ አንደኛ ገጽ፣ ከቁጥሮቹ ሥር፦

«እታለም ሁለቱን አጠበቻቸው። ሰው ፊት በማይገባ ቃል ተናገርኳት። ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ ለምን እንደማይነካ አልነገርኳትም፣ ትረዳኛለች ብዬም አልገመትኩም። ቤቷ አቧራ አድሮ ስለማያውቅ አንድ ቀን ደግማ ማሳመሯ አይቀርም። ስለዚህ እኩሌታውን በቆርቆሮ አስደፍኜ እሷው ዘንድ አኖርኩት። አትከፍተውም፤ አደራ የተባለችውን አትነካም። ይቅርታ ልጽፍላት ብዕር አንሥቼ ነበር። ማን ያነብላታል?»

ይኸው ነው። እኔ አነበብኩት። ሠላሳ ሦስት ዓመት ዘግይቶ፣ በሦስት ቁጥር መነፅር፣ ራሴ።

ጥፋተኛው ካሣዬ ነው ብዬሽ ነበር፤ አልተሳሳትኩም፣ እሱም አምኗል። ይቅርታ ሊጽፍልኝ ብዕር ማንሣቱን ግን አላወቅሁም ነበር። ያንን ያህል ከሰል የተሸከምኩለት ልጅ አንድ ደብዳቤ ሊጽፍልኝ ፈልጎ የሚያነብልኝ አጣ። ከዚያ በፊት ፊደል ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ በቀጥታ ይጽፍልኝ ነበር፤ እኔም በቀጥታ እሰድበው ነበር።

ዛሬ ጠዋት ፎቶውን መልሼ በብርሃን በኩል ሰቀልኩት። መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ ጠረግሁት። በደረቅ።

ከእንግዲህ ወደ ግድግዳ አላዞረውም።

ኢየሩ